የቅዱሳን ዋዜማና የልጆች ጥያቄ



በአሜሪካ የምትኖሩ አንባቢዎቻችን ኦክቶበር ሲገባ ምን እንደሚከተል ታውቃላችሁ። በየደጁ የተቦረቦረ ዱባ ይቀመጣል፤ ሱቁ በጥቁርና በብርቱካን ቀለም ያሸበርቃል፤ ታናሽ ወንድማችሁም ከትምህርት ቤት መጥቶ «ለሃሎዊን ምን ልልበስ?» ይላል። ብዙ ወላጆቻችን ይህን በዓል በልጅነታቸው አያውቁትምና ከሁለት አንዱን ይመልሳሉ። አንዳንዶቹ «የሰይጣን በዓል ነው» ብለው መብራት አጥፍተው በር ይዘጋሉ። ሌሎቹ «ልጅ ነው፤ ምን ችግር አለው?» ብለው ልብሱን ይገዛሉ። የልጁ ጥያቄ ግን ሁለቱም ጋ አልተመለሰም፤ ይህ ቀን ምንድን ነው? እኛስ ምን ብለን እንኑርበት? መልሱን ለማግኘት ወደ ታሪኩ እንሂድ። ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ከወንጌል በፊት በአየርላንድና በስኮትላንድ የኖሩ የኬልት ሕዝቦች በኖቬምበር መግቢያ «ሳውን» የሚባል በዓል ነበራቸው። መከር አብቅቶ ብርዱና ጨለማው የሚገቡበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ በዓል የምናውቀው አብዛኛው ነገር ከብዙ ዘመን በኋላ ክርስቲያን መነኮሳት በአየርላንድ ከጻፏቸው ጽሑፎች የተገኘ ነው። ስለዚህ በዚያ ሌሊት የተደረገውን ሁሉ ዘርዝሮ የሚነግራችሁ ሰው፣ ቢያወግዘውም ቢያደንቀውም፣ ከማስረጃው በላይ እየተናገረ ነው።

«ሃሎዊን» የሚለው ስም ራሱ ግን የመጣው ከቤተ ክርስቲያን ነው፤ ትርጉሙም የቅዱሳን ሁሉ ዋዜማ ማለት ነው። በ609 ገደማ ጳጳሱ ቦኒፋስ አራተኛ በሮም የነበረውን የጣዖት ቤተ መቅደስ ፓንቴዮንን ለማርያምና ለሰማዕታት ሁሉ መታሰቢያ አደረጉት፤ በዓሉም በሜይ 13 ይከበር ነበር። በ800 ገደማ በሰሜን አውሮፓ የቅዱሳን ሁሉ በዓል በኖቬምበር 1 ይከበር ጀመር፤ በ835 ደግሞ በንጉሥ ሉዊ ግዛት ሁሉ ታወጀ። «ጳጳሱ ቀኑን የመረጡት ሳውንን ለመተካት ነው» የሚለውን ብዙዎች ይደግሙታል። እንግሊዛዊው የታሪክ ምሁር ሮናልድ ሃተን ግን ይጠራጠሩታል፤ በዚያው ዘመን የአየርላንድ ክርስቲያኖች በዓሉን የሚያከብሩት በኤፕሪል ነበርና።

በ11ኛው መቶ ዘመን መግቢያ ገደማ የክሉኒ ገዳም አበምኔት ኦዲሎ ኖቬምበር 2ን ለሞቱት ሁሉ የጸሎት ቀን አደረጉ። ቆይቶ በእንግሊዝ ድሆችና ልጆች በየቤቱ እየዞሩ «የነፍስ ዳቦ» ይቀበሉ፣ በምላሹም ለቤቱ ሙታን ይጸልዩ ጀመር። በቡሄ «ሆያ ሆዬ» እያሉ ሙልሙል የሚቀበሉ ልጆችን ያየ ሰው ዝማሬውና ዳቦው እንግዳ አይሆንበትም። ልዩነቱ እዚያ ዳቦው ከንጽሔ እሳት እምነት ጋር መያያዙ ነበር፤ ሕያዋን በጸሎትና በስጦታ የሙታንን ሥቃይ ያቀልላሉ ተብሎ ይታመን ነበር።

አሁን ኦክቶበር 31 ቀን 1517ን አስቡ። በዊተንበርግ የነበረው የግንብ ቤተ ክርስቲያን የተሰየመው በቅዱሳን ሁሉ ስም ነበር፤ ገዥው ፍሬድሪክም ያከማቹትን ብዙ የቅዱሳን አፅም በበዓሉ ለሕዝብ ያሳዩ ነበር። ማርቲን ሉተር ስለ ሥርየት ሽያጭ የጻፋቸውን 95 ነጥቦች ለሊቀ ጳጳሱ አልብሬክት የላከው በዚያው በዋዜማው ቀን ነው። ከዚያ የተነሣው ክርክር ውሎ አድሮ የተሐድሶ አባቶችን ወደ አንድ ድምዳሜ አደረሳቸው፦ በክርስቶስ ያንቀላፋ ሰው ከእኛ የሚጠብቀው ዕዳ የለም፤ ሥራው በመስቀል ተፈጽሟል። እንግዲህ ይህ ቀን የእኛም ታሪክ አለበት።

በዓሉን ወደ አሜሪካ ካሻገሩት ዋነኞቹ ከ1845 ጀምሮ በአየርላንድ ከደረሰው ታላቅ ረሃብ የሸሹ ስደተኞች ነበሩ። በአገራቸው ከቀይ ሥር ጋር የሚመሳሰል ሥራ ሥር ቦርቡረው ፋኖስ ይሠሩ ነበር፤ በአዲሱ አገር ዱባን አገኙ። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የወጣቶች ቀልድ ወደ ንብረት ማውደም ሲደርስ ከተሞች ለልጆች ድግስ ማዘጋጀትና ጣፋጭ ማደል ጀመሩ። የዛሬው ቤት ለቤት ልማድ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የስኳር እጥረት በኋላ በመላ አገሪቱ ተስፋፋ።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ እንድታስታውሱት የምፈልገው የአንድ ቤተሰብ ሥራ ነው። የፕሬስቢቴሪያን አገልጋይ የነበሩት ክላይድ አሊሰንና መምህርት ባለቤታቸው ሜሪ ኤማ በ1950 በፊላደልፊያ ልጆቻቸውን ከረሜላ ሳይሆን በጦርነት ለተጎዱ የዓለም ሕፃናት ሳንቲም እንዲለምኑ ላኳቸው። የተሰበሰበው 17 ዶላር ነበር፤ ነገር ግን ዩኒሴፍ ሐሳቡን ተቀብሎት ሌሎች ሚሊዮኖች ልጆች ተከተሉ። እነዚህ ወላጆች በሩንም አልዘጉም፤ ያገኙትንም ሁሉ አልተቀበሉም።

ከዚህ በተቃራኒ የቆመው ፍርሃት ነው። በ1974 በቴክሳስ አንድ ሕፃን በተመረዘ ከረሜላ ሞተ፤ ወላጆች ሁሉ እንግዳ ሰውን ፈሩ። ፍርድ ቤቱ ያረጋገጠው ግን መርዙን የሰጠው የኢንሹራንስ ገንዘብ የፈለገ የገዛ አባቱ እንደ ነበር ነው። ማኅበራዊ ተመራማሪው ጆኤል ቤስት የብዙ ዓመታት ዘገባ መርምረው በማያውቁት ሰው ከረሜላ የሞተ ልጅ የተረጋገጠ ታሪክ አላገኙም። ፍርሃት አደጋውን በሌለበት ያስፈልገናል፤ ለልጅም እምነትን የመደንገጥ ስም ያደርግበታል።

ታዲያ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ ለልጁ እውነቱን እንንገረው፤ ያልተረጋገጠ ወሬ ሲያድግ ይደርስበታል፤ ያን ጊዜ ሌላውንም ያስተማርነውን ይጠራጠራል። ሁለተኛ፣ ወሰኑን በግልጽ እናስምር። ጥንቆላና ሙታን መጥራት በዘዳግም 18 የተከለከለ ነው፤ በጨዋታ ስምም አይለመድም። ሦስተኛ፣ ከወሰኑ ወዲህ ያለውን ለኅሊና እንተው። ጳውሎስ በሮሜ 14 ስለ ቀናት የሚለያዩ አማኞች እርስ በርስ እንዳይናናቁና እንዳይፈራረዱ ይመክራል። አንዱ ቤተሰብ ልጁን ወደ ቤተ ክርስቲያን ዝግጅት ይወስዳል፤ ሌላው መብራቱን አብርቶ የጎረቤት ልጆችን በፈገግታ ይቀበላል፤ ሌላው ቤት ውስጥ የተሐድሶን ታሪክ ይተርካል። ሦስቱም በጌታ ፊት በቅን ልብ ሊደረጉ ይችላሉ። «አይሆንም» ብቻ ተብሎ ጥግ የተቀመጠ ልጅ ግን ከእምነቱ የሚቀርለት አለመፈቀዱ ነው።

እዚህ ላይ የእናንተ ድርሻ ትልቅ ነው። እናታችሁና አባታችሁ የትምህርት ቤቱን ወረቀት የሚያነቡት በእናንተ ዓይን ነው፤ ታናናሾቻችሁም የወላጆቻችሁን ስጋት የሚረዱት በእናንተ አንደበት ነው። ለአባባና ለእማማ ቀኑ ከየት እንደ መጣ በትሕትና አስረዷቸው፤ ለታናናሾቻችሁ ደግሞ ሞትን ያሸነፈ ጌታ እንዳለንና ጨለማን የምንፈራበት ምክንያት እንደሌለ ንገሯቸው። ቤተሰቡ በአንድነት ጸልዮ ይወስን፤ ውሳኔውም ምንም ይሁን ምን፣ ልጁ ምክንያቱን አውቆ ይተኛ።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።