ከበቆጂ ዳገት እስከ ታይን ድልድይ፦ በእግር የሚሰበሰብ የፀረ ዘረኝነት ገንዘብ

በእንግሊዝ አገር የተለመደው የበጎ አድራጎት ጉዞ፣ አንድ ሰው የተወሰነ ርቀት በእግሩ ለመሄድ ወይም ለመሮጥ ቃል ሲገባ፣ ዘመድ ወዳጆቹና የሥራ ባልደረቦቹ ደግሞ እርሱ ለመረጠው ድርጅት ገንዘብ የሚሰጡበት አሠራር ነው። በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ይህን ልማድ ያስፋፋው በቀድሞው ሯጭ በብሬንዳን ፎስተር አነሣሽነት እ.ኤ.አ. በ1981 የተጀመረው ታላቁ የሰሜን ሩጫ ሲሆን፣ ግማሽ ማራቶኑ ከኒውካስል ተነሥቶ የታይንን ድልድይ ከተሻገረ በኋላ በሳውዝ ሺልድስ የባሕር ዳርቻ ይጠናቀቃል። በአሸናፊዎቹ መዝገብ የአርሲ ደጋ ልጆች ብዙ ናቸው፤ ደራርቱ ቱሉ በ2005፣ የአሰላው ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2010፣ ጥሩነሽ ዲባባ በ2012፣ ቀነኒሳ በቀለ በ2013 ድል አድርገዋል። የበጎ አድራጎቱን ገንዘብ የሚያመጣው ግን ከእነርሱ ኋላ፣ አንዳንዱም እየሮጠ አንዳንዱም እየተራመደ የሚከተለው ሕዝብ ነው።

እንዲህ ያለ ገንዘብ ከሚደግፋቸው ሥራዎች አንዱ ፀረ ዘረኝነት ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በዚያው አካባቢ የተመሠረተውና ስሙ «ለዘረኝነት ቀይ ካርድ አሳዩ» ማለት የሆነው ድርጅት፣ ታዋቂ እግር ኳስ ተጫዋቾችን ይዞ ትምህርት ቤት በመግባት ልጆችን ያስተምራል። ከመነሻው ደጋፊዎች አንዱ የኒውካስል ግብ ጠባቂ የነበረው ሻካ ሂስሎፕ ሲሆን፣ በአንድ ነዳጅ ማደያ በቆዳው ቀለም የሰደቡት ወጣቶች ማንነቱን ሲለዩ ፊርማውን ሊጠይቁት እንደቀረቡ ተናግሯል።

ለትምህርቱ የደራርቱ የትውልድ ስፍራ፣ የአርሲዋ በቆጂም የምታበረክተው ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና ኦሎምፒክ ደራርቱ የ10,000 ሜትር ወርቅ አግኝታ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሎምፒክ አሸናፊ ስትሆን፣ በአፓርታይድ፣ ማለትም ዘርን በሕግ በሚከፋፍለው ሥርዓት፣ ምክንያት ከ1960 በኋላ ከኦሎምፒክ ርቃ ከቆየችው ደቡብ አፍሪካ የመጣችው ነጯ ኤላና ሜየር ሁለተኛ ወጣች፤ ሁለቱም እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ።

በስደት ለሚኖር ኢትዮጵያዊ መዋጮ እንግዳ ነገር አይደለም፤ እድር ወርኃዊ ክፍያ እየሰበሰበ ኀዘን የደረሰበትን አባሉን ይረዳል። ሆኖም የእድር ገንዘብ ለሚተዋወቁ ሰዎች ሲሆን የጉዞው ገንዘብ ለማይታወቅ ልጅ ነው፤ ከዚህም በላይ ሰው ፊት ቆሞ ገንዘብ መጠየቅ ልመና መስሎ ያሳፍራል። ልማዱ ለባዕድ ሰው የሚዋጥለት ጠያቂው በቅድሚያ የገዛ ጉልበቱን ስለሚያቀርብ ይመስላል።

ኃይሌና ፎስተር የተጣመሩበት ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2001 በአዲስ አበባ ሲጀመር 10,000 ሰዎች የተሳተፉ ሲሆን ኃይሌ ራሱ አሸነፈ። በጎ አድራጎት በሩጫው ቦታ ቢያገኝም፣ ሕዝቡ በይበልጥ የወደደው ቲሸርቱን፣ ጭፈራውንና አብሮ መሮጡን ነው፤ እያንዳንዱ ሯጭ ለዓላማው ከጎረቤቱ ገንዘብ የሚጠይቅበት ክፍል የኒውካስልን ያህል አልተስፋፋም።