ጎማና ማርሽ፦ ከፒክአፕ ታሪክ ምን እንማራለን?



አንድ ክረምት ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ጭነን ስንጓዝ የተሳፈርንበት ፒክአፕ ዳገት መሐል ላይ ቆመ። ጭቃ እንዲያልፍ ተብሎ በቅርቡ ትልልቅ ጎማ ተገጥሞለት ነበር። ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ የፍሪሲዮኑ ሽታ ግን አያስቀርብም። ጭነቱን በአህያ አጓጓዝነው፤ ዘሩም ከመዝሪያው ቀን ዘግይቶ ለገበሬው ደረሰ። የችግሩን ምንጭ ለመረዳት ወደ ኋላ መለስ ብለን ታሪኩን እንይ።

የአሜሪካው ፎርድ ኩባንያ ሞዴል ቲ የተባለውን መኪና ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። 20 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተሩ በፈጣኑ ማርሽ 3.64 ጊዜ ሲዞር የኋላ ጎማው አንድ ጊዜ ይዞር ነበር። ገበሬዎችም ምርታቸውን ይጭኑበት ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1917 ኩባንያው አንድ ቶን የሚጭን ሞዴል ቲቲ የተባለ የጭነት መኪና አወጣ። ሞተሩ ያው ነበር፤ ዋናው ለውጥ የተደረገው በዲፈረንሻሉ ላይ ነው። አሁን ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ሞተሩ 7.25 ጊዜ መዞር ነበረበት። ፍጥነቱ ቀነሰ፤ የመጎተት ጉልበቱ ግን ጨመረ። ፍጥነት ለሚሹ ደግሞ ባለ 5.17 ማርሽ ይቀርብ ነበር። ፋብሪካው ራሱ ፒክአፕ ሠርቶ መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው።

ትልቅ ጎማ የዚህን ተቃራኒ ይሠራል። ለምሳሌ ቁመቱ 29 ኢንች የነበረ ጎማ በ33 ኢንች ቢተካ በአንድ ዙር 14 በመቶ ያህል ተጨማሪ መንገድ ይሄዳል፤ መሬት ላይ የሚደርሰው የመጎተት ጉልበት ግን 12 በመቶ ያህል ይቀንሳል። የፍጥነት መለኪያው 60 ሲያሳይ መኪናው በ68 ይበራል። የቀድሞውን ጉልበት ለመመለስ 4.10 የነበረው የዲፈረንሻል ማርሽ ወደ 4.67 የሚጠጋ መሆን አለበት።

ስለዚህ ጎማ ከመለወጣችን በፊት የማርሹንም ወጪ አብረን እናስላ። አቅም ካልፈቀደ በፋብሪካው ልክ የተሠራ፣ ጥርሱ ለጭቃ የሚሆን ጎማ ይበቃል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በችኮላ የተገጠመ ጎማ የሚያስከፍለው የአባሉን የዘር ወቅት ነው።