በእጅ ላይ የተጻፈ ታሪክ፦ ሂና፣ እንሶስላና ጥቁሩ ዱቄት

 

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ታሪክ ነው። ታሪክ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ንጉሥንና ጦርነትን ነው። እኛ ግን ዛሬ የምናነበው በእናቶቻችንና በእህቶቻችን እጅ ላይ ስለሚጻፍ ታሪክ ነው። ይህ ጽሑፍ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ቆይቶ ይጠፋል። ለሚቀጥለው ሠርግ ወይም ለሚቀጥለው ኢድ እንደገና ይጻፋል። ስሙ ሂና ነው።

እዚህ ድሬዳዋ ሂናን የማያውቅ ሰው የለም። ከኢድ በዓል ማግስት የትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ ቁሙ። ደብተር ይዘው የሚገቡት ልጃገረዶች እጅ ሁሉ አበባ ነው። እኛ መምህራን በዚያን ቀን «እጃችሁን አውጡ» ስንል ክፍሉ ያምራል። ታዲያ ይህ ጌጥ ከየት መጣ? በቤትስ እንዴት ይሠራል? ደግሞስ ለምንድን ነው አንዳንዱ እጅ ላይ ቁስል የሚተወው? የመጨረሻው ጥያቄ የጤና ጥያቄ ስለሆነ በጥሞና ተከታተሉ።

በመጀመሪያ ሦስት ቃላትን እንለይ። ንቅሳት፣ እንሶስላ፣ ሂና።

ንቅሳት በመርፌ ወይም በእሾህ ቆዳን እየወጉ ጥላሸትና የመሳሰለውን ቀለም ወደ ውስጥ ማስገባት ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ፣ በአማራና በትግራይ ገጠር፣ አንገታቸውን፣ ግንባራቸውን ወይም ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶች ብዙ ናቸው። ንቅሳት አይለቅም። በልጅነቷ የተነቀሰች ሴት አርጅታም ከእሱ ጋር ትኖራለች። ብዙዎቹን ደግሞ «ትፈልጊያለሽ ወይ?» ብሎ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ስለ ንቅሳት ሌላ ጊዜ ብዙ ማለት ይቻላል፤ ዛሬ እንለፈው።

እንሶስላ የደጋ ተክል ነው። ጥላና እርጥበት ይወዳል። ቀለሙ ያለው ሥሩ ላይ ነው። ሥሩ ተቆፍሮ ይወጣል፤ ይታጠባል፤ ይወቀጣል። ከዚያም በእጅ መዳፍና በእግር ላይ ተደርጎ በጨርቅ ወይም በቅጠል ይታሰራል። ሲፈታ ቆዳው ቀይ ሆኖ ይገኛል። ከጎንደር፣ ከጎጃም ወይም ከወሎ ወደ ድሬዳዋ የመጣችሁ እናቶች ይህን ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ። እንሶስላ ግን በድሬዳዋ ሙቀት አይበቅልም። የቆላው እህቱ ሂና ነው።

ሂና ቁጥቋጦ ነው። ሙቀትንና ድርቅን ይችላል። በሰሜን አፍሪካ፣ በዓረብ አገሮችና በሕንድ ይበቅላል፤ በምሥራቅ ኢትዮጵያም ቆላ ይገኛል። የሂና ቀለም ሥሩ ላይ የለም። ያለው ቅጠሉ ውስጥ ነው። ቅጠሉ ደርቆ ሲፈጭ አረንጓዴ ዱቄት ይሆናል። ቀለሙ ሎሶን ይባላል። ሎሶን ከቆዳ፣ ከጥፍርና ከፀጉር ጋር አጥብቆ ይያያዛል። ውኃም ሳሙናም ቶሎ አያስለቅቀውም። የሚለቀው የላይኛው ቆዳ ራሱ ቀስ በቀስ ሲራገፍ ነው። ለዚህ ነው ጌጡ ከሁለት ከሦስት ሳምንት በላይ የማይቆየው።

ሂና ምን ያህል የቆየ ነገር ነው? አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ዳግማዊ ራምሴስ የተባለው የግብፅ ንጉሥ ከሞተ 3,200 ዓመት አልፎታል። ሬሳው እንዳይበሰብስ ተደርጎ በመድኃኒት ደርቆ ስለነበር እስከ ዛሬ አለ። በ1969 ዓ.ም. ይህ ሬሳ ለጥገና በአውሮፕላን ወደ ፓሪስ ተወሰደ። እዚያ ሊቃውንት ፀጉሩን መረመሩ። በእርጅናው ዘመን የሸበተ ፀጉሩ በሂና ተቀብቶ ነበር። አያችሁ? ዛሬ በመጋላ ጎዳና ጢማቸውን በሂና አቅልመው የሚሄዱት አባቶች የሚያደርጉትን፣ ያ ንጉሥም በዘመኑ አይቶታል።

አሁን ወደ ከተማችን እንመለስ። ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የሚነሳው ሐዲድ ሥራ የተጀመረው በ1890 ዓ.ም. ነው። የታሰበው ወደ ሐረር እንዲወጣ ነበር። ነገር ግን ተራራው ገደል ነው፤ ወጪውም ከባድ ነው። ስለዚህ ባቡሩ ከተራራው ሥር ቀረ። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ሐዲዱ እዚህ ደረሰ። መጀመሪያ አዲስ ሐረር የተባለችው ከተማ ድሬዳዋ ሆነች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው ገና በ1909 ዓ.ም. ነው።

ባቡር ሰው ያመጣል። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው እዚህ ተገናኘ። ከባሕር ማዶም የመኑ፣ ሕንዱ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ መጣ። በከዚራና በመጋላ ተከፋፍለው፣ ደቻቱን እየተሻገሩ አብረው ኖሩ። የሙሽራ እጅ ማሳመር ግን ለብዙዎቹ አዲስ ነገር አልነበረም። ሂና ሁሉም ዘንድ ዘመድ ነበረው። ኦሮሞውም ሐረሪውም ሂና ይላል። ዓረቡም እንደዚያው ይላል። ሶማሌው ዒላን ይላል። ስሙ ቢለያይም የሚሸተው አንድ ቅጠል ነው።

በቀድሞ ጊዜ አብዛኛው ሰው መዳፉንና የጣቱን ጫፍ በሙሉ ይቀባ ነበር። ሥዕል የሚፈልግ ሰው በስንጥር ወይም በክብሪት እንጨት ይስል ነበር። ጫፏ የቀጠነ የፕላስቲክ ጥቅልል የተስፋፋችው በኋላ ነው። የባቢሌ ኦቾሎኒ ተጠቅልሎ የሚሸጥበትን ወረቀት ታውቁታላችሁ አይደል? ልክ እንደ እሱ ናት፤ ጫፏ ግን መርፌ ያስገባል። በእሷ አበባ፣ ቅጠል፣ ሐረግ፣ ከፈለጋችሁም የስማችሁ የመጀመሪያ ፊደል ይሳላል። አሁን ፊደል ቆጥራችኋልና በገዛ እጃችሁ መዳፍ ላይ «ሀ» ብላችሁ መጻፍ ትችላላችሁ።

በቤት የሚሠራው እንዲህ ነው። ከቀፊራ ገበያ ንጹሕ የሂና ዱቄት ትገዛላችሁ። ቅጠሉን ገዝቶ በሙቀጫ መውቀጥም ይቻላል። ዱቄቱን በቀጭን ሻሽ ንፉት። ሻካራ ከሆነ የጥቅልሏን ጫፍ ይዘጋባችኋል። አንድ የቡና ስኒ ዱቄት ላይ የሎሚ ጭማቂ እያንጠባጠባችሁ አማስሉ። እንደ ወፍራም እርጎ ሲሆን አቁሙ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ጨምሩበት፤ ስኳሩ ሂናው ከቆዳ ላይ ቶሎ እንዳይረግፍ ይረዳል። ሎሚው ደግሞ ቀለሙ ከቅጠሉ ቀስ ብሎ እንዲወጣና ቶሎ እንዳይበላሽ ያደርጋል። ከዚያ ከድናችሁ አስቀምጡት። በደጋ ከሆነ ማደር አለበት። በእኛ ሙቀት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ይበቃዋል። ትንሽ ወስዳችሁ መዳፋችሁ ላይ ለ5 ደቂቃ አድርጉ። ሲጠረግ ብርቱካናማ ምልክት ከተወ ደርሷል ማለት ነው።

ከመሳላችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ቅባት ካለ ቀለሙ አይዝም። ከሳላችሁ በኋላ ቢያንስ 4 ሰዓት አቆዩት። ማሳደሩ ይሻላል። ስታነሱት በውኃ አትጠቡት። ፋቁና ዘይት ቀቡት። በመጀመሪያው ቀን ብርቱካናማ ነው። «አልያዘም» ብላችሁ አትዘኑ! በሁለት ቀን ውስጥ እየጠቆረ ወደ ቀይ ቡናማ ይሄዳል። መዳፍና የእግር ሥር ቆዳቸው ወፍራም ስለሆነ እዚያ ይደምቃል፤ ክንድ ላይ ይሳሳል። ይህ የሠሪዋ ጥፋት አይደለም።

እንግዲህ አንድ ነገር ልብ በሉ። የሂና ቅጠል ብርቱካናማ፣ ቀይ ወይም ቡናማ ቀለም ይሰጣል። ጥቁር አይሰጥም። ታዲያ በእጅ ላይ የምናየው እንደ ከሰል የጠቆረ ሥዕል ከምን መጣ?

ከፀጉር ቀለም ነው የመጣው። በ19ኛው መቶ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን ብዙ ዓይነት ቀለም ማውጣት ተጀመረ። ከነዚህ ዘመዶች አንዱ በአጭሩ ፒ.ፒ.ዲ. ይባላል። ቃሉን ደግማችሁ አንብቡት፦ ፒ.ፒ.ዲ.። ይህ ነገር ፀጉርን ለማጥቆር ከመቶ ዓመት በላይ ሲያገለግል ቆይቷል። በትንንሽ ከረጢት የሚሸጠው ጥቁር የፀጉር ቀለም ውስጥ ብዙ ጊዜ ይገኛል። በሱዳን፣ በዓረብ አገሮችና በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ሰዎች ይህን ዱቄት ከሂና ጋር መቀላቀል ለመዱ። ሥራ ይቀንሳል እኮ! እውነተኛው ሂና ሌሊቱን ሙሉ ሲጠበቅ፣ ጥቁሩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይይዛል። ለሙሽራ ሚዜ፣ ለቸኮለ ሰው፣ ለሠሪዋም ገቢ ይመቻል። በዚህ ምክንያት «ጥቁር ሂና» የሚል ስም ወጣለት። እኔ ይህን ስም አልወደውም። ቅጠሉ ባልሠራው ጥፋት ስሙ ይነሳል።

የጉዳቱን ነገር ላስረዳ። ፒ.ፒ.ዲ. የአንዳንድ ሰው ሰውነት እንደ ጠላት የሚቆጥረው ነገር ነው። በመጀመሪያው ቀን ምንም ላይታይ ይችላል። አንዳንዴም ሁለት ሦስት ጊዜ ተቀብታው ደህና ትሆናለች። ከዚያ በሌላ ቀን ያው ሥዕል ያሳክካል፤ ያብጣል፤ ውኃ ይቋጥራል። ቁስሉ የአበባውን ቅርጽ ይይዛል። ሲድንም ቆዳው ነጥቶ ወይም ጠቁሮ ሊቀር ይችላል። ሰውነት አንድ ጊዜ ፒ.ፒ.ዲ.ን ከጠላ ዕድሜ ልክ ይጠላዋል። ያች ሴት አርጅታ ሽበቷን ልታጠቁር ብትፈልግ ፊቷ ሊያብጥ ይችላል።

በአውሮፓ ኅብረት ሕግ በተዘጋጀ የፀጉር ቀለም ውስጥ ፒ.ፒ.ዲ. ከ2 በመቶ በላይ እንዲሆን አይፈቀድም። ቆዳ ላይ መቀባትማ ጭራሽ ክልክል ነው። «ጥቁር ሂና» እየተባለ ሲሸጥ በተመረመረው ላይ ግን ከ15 በመቶ በላይ የተገኘበት ጊዜ አለ። ሲዋጥ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። ጉሮሮን ያሳብጣል፤ ኩላሊትን ይጎዳል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1992 የካርቱም ሐኪሞች በዚህ ቅልቅል ስለተመረዙ ሕፃናት ጽፈዋል። ዱቄቱን ልጅ በማይደርስበት ቦታ አስቀምጡ የምለው ለዚህ ነው።

ታዲያ እንዴት ይለያል? ንጹሑ ዱቄት አረንጓዴ ነው፤ ሽታው እንደ ደረቀ ሣር ነው። ጥቁር ዱቄት ሂና አይደለም። «በአንድ ሰዓት ይጠቁራል» ከተባላችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ቤንዚን ወይም ጋዝ የሚሸት ከሆነም እንደዚሁ ተዉት፤ ቀለም ያጠብቃል ብለው የሚጨምሩ ሰዎች አሉ። ሌላው የከረጢቱ ጽሑፍ ነው። እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። ጽሑፉ ብዙ ጊዜ በእኛ ፊደል አይደለም። እናንተ አማርኛ አንብባችሁ ጨርሳችሁ፣ ከረጢቱ በእንግሊዝኛ ወይም በዓረብኛ ይመጣል። አስመጪዎች ጥቂት የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የሶማሌኛ መስመር ቢጨምሩበት ምን ነበረበት? እስከዚያው እንግሊዝኛ የሚማረውን ልጃችሁን ጥሩ፤ «ለፀጉር ብቻ» የሚል ካለበት ያንብብላችሁ። ካለበት እጃችሁ ላይ አይውጣ።

በ2017 ዓ.ም. ዩኔስኮ ሂናን ከዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገብቶታል። ያቀረቡት 16 የዓረብ አገሮች ናቸው፤ ጎረቤቶቻችን ሱዳንና የመን ከመካከላቸው አሉ። ኢትዮጵያ በዝርዝሩ ውስጥ የለችበትም። ለሐረርና ለድሬዳዋ ሴቶች እጅ ይህ ትንሽ ይከፋል።

ሁለት ነገር ልጨምርና ልሰናበት። ንጹሕ ሂና ቢሆንም አራስ ሕፃን አይቀባ። ወባ በኖረበት አገር ሕዝብ ዘንድ በዘር የሚወረስ አንድ የደም ጉድለት አለ። ይህ ያለበትን ሕፃን ሂናው ደሙን ሊያፈርስበት፣ ዓይኑን ሊያቢጨው ይችላል። ሕፃኑ ጉድለቱ እንዳለበት ደግሞ በዓይን አይታወቅም።

ሁለተኛው ይህ ነው። ጥቁሩን ተቀብታችሁ ቆዳችሁ ማሳከክ ከጀመረ በሳሙናና በብዙ ውኃ እጠቡት። ውኃ የቋጠረውን አታፍርጡ። ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ምን እንደተቀባችሁም ሳትደብቁ ንገሩ። ከረጢቱ ካለ ይዛችሁ ሂዱ። ፊት ወይም ጉሮሮ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ግን እስኪነጋ አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው።

የሚቀጥለው ንባባችን ስለ ደቻቱ ወንዝ ይሆናል። እስከዚያው ደህና ሰንብቱ።