ድንኳንና ጥድ

«ከተማ» የሚለው ቃል ዛሬ የአስፋልትና የፎቅ ቃል ነው። በጥንቱ አማርኛ ግን ንጉሥና ሠራዊት ድንኳን ተክለው የሚያርፉበት ሰፈር ማለት ነበር፤ «ከተመ» ሲባልም «ሰፈረ» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ አገራችን የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያየው የዐፄ ልብነ ድንግል መናገሻም በድንኳን የቆመ፣ ከቦታ ወደ ቦታ የሚጓዝ ከተማ ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ስፍራ ሲከርም በዙሪያው ያለው እንጨት ይመናመናል፤ ማገዶ ሲጠፋ ድንኳኑ ይነቀላል። ታሪካችንን በነገሥታት ስም መቁጠር ለምደናል። በተቆረጡ ዛፎች ብንቆጥረውም ከብዙ ምዕራፎቹ ጋር በተገናኘን ነበር።

ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። እኔና ባለቤቴ ቅዳሜና እሑድን ከአዲስ አበባ ብዙ ሳንርቅ፣ በእግር እየተጓዝንና በድንኳን እያደርን የማሳለፍ ልማድ አለን። አዘውትረን የምንሄደው ከከተማዋ በስተምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ተዳፋት ላይ ወዳለው የመናገሻ ሱባ ደን ነው። ከታች የሐበሻ ጥድ፣ ወይራና ዝግባ ይቀበሉናል። ከፍ ስንል ኮሶ ይከተላል፤ ከ3,300 ሜትር ወደሚበልጠው ጫፍ ስንቃረብ ደግሞ አስታ ብቻ ይቀራል። ማለዳ ላይ ጉሬዛዎች ነጭ ካባቸውን እያንዘረፈፉ ከጥድ ወደ ጥድ ይወረወራሉ። ሲመሽ፣ ዕድል ከቀናን፣ የምኒልክ ድኩላ ከቁጥቋጦው ብቅ ይላል፤ ወንዱ ጠቆር ያለ፣ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የማይገኝ ነው። ዓይኗ ከእኔ ይልቅ ፈጣን ነውና ብዙውን ጊዜ ቀድማ የምታየው ባለቤቴ ናት። «አትንቀሳቀስ» ትለኛለች በሹክሹክታ። ድኩላውም ለአፍታ አይቶን ይሰወራል።

ይህ ደን እንዴት ተረፈ? ትውፊቱ እንደሚለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ተራራው ተራቁቶ አዩት፤ በደብረ ሲና አቅራቢያ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተውም አስዘሩበት። ጥድ አዝጋሚ ዛፍ ነው። ዘሪው ጥላው ሥር አይቀመጥም፤ የሚቀመጠው የልጅ ልጁ ነው። ድንኳኗን ነቅላ መሄድ በለመደች መንግሥት ውስጥ፣ የተራቆተውን ትቶ ከመሄድ ይልቅ መልሶ መትከል ትልቅ ሐሳብ ነበር።

አሮጌው ልማድ ግን አልሞተም። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1886 ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ ያለው ደን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመነጠረ። ዐፄ ምኒልክም እንደ ቀደሙት ነገሥታት ሊነሡ አሰቡ፤ እ.ኤ.አ. በ1900 ገደማ በስተምዕራብ አዲስ ዓለም ላይ አዲስ መናገሻ ማሠራት ጀመሩ። ከተማዋን ካለችበት ያቆማት በ1890ዎቹ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። በፍጥነት ያድጋል፤ ቢቆርጡትም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ማገዶው ተገኘ፤ መናገሻውም ባለበት ጸና። ለቤተ መንግሥት የተጀመረው የአዲስ ዓለም ግንባታም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ስለ ባሕር ዛፍ ብዙ ክፉ ይነገራል፤ ውኃ ይመጣል፣ በሥሩ ሌላ አያበቅልም ይባላል። ሆኖም ድንኳን የነበረችው ከተማ ሥር የሰደደችው በእርሱ ነው።

ከወራት በፊት አንድ ማለዳ፣ ድንኳናችንን ስናጣጥፍ ጀርባቸው በጭራሮ ሸክም የጎበጠ ሦስት ሴቶች በአጠገባችን አለፉ። ባለቤቴ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠቻቸው። አንዷ ቆም ብላ ድንኳኑን አየችና «ቤት እያላችሁ ለምን ዱር ታድራላችሁ?» ስትል ጠየቀች። ባለቤቴ «ዛፉንና አራዊቱን ልናይ» አለቻት። ሴትዮዋ ሳቀች፤ ሸክሟን አስተካክላም መንገዷን ቀጠለች።

ሳቋ ውስጥ ፌዝ አልነበረም። እኛ በጋዝ ምድጃ ቡናችንን አፍልተን ዛፉን «ለማየት» የምንችለው፣ የዕለት እሳታችን ከሌላ ስፍራ ስለሚመጣ ነው። ለእርሷ ዛፉ የዛሬ እራት ነው። የደኑን ታሪክ በዐዋጅና በዘበኛ ብቻ የሚተርክ ሰው ግማሹን ይተወዋል። ዘርዓ ያዕቆብ ዘር ሰጡ፤ በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ደግሞ ሌላ ማገዶ ሰጠ። ሁለቱም «አትቁረጥ» ከማለት ያለፈ ነገር ነበራቸው። የዚያች ሴት ጀርባ ከሸክም የሚያርፍበትን መንገድ ያላሰበ ጥበቃ፣ ጉሬዛውንም ለረጅም ዘመን የሚያኖር አይመስለኝም።