ሰባተኛው ረድፍ

ኦክቶበር 2017 ላይ ሌኖቮ ለታማኝ ደንበኞቹ ስጦታ የሚመስል ነገር አቀረበ። «የሚመስል» ያልኩት ዋጋው 1,899 ዶላር ስለነበር ነው። ቲንክፓድ 25 ይባላል፤ የቲንክፓድን ሃያ አምስተኛ ዓመት ለማክበር በውስን ቁጥር የተሠራ ላፕቶፕ። ውስጡ በዚያው ዓመት ገበያ ላይ የነበረው ቲ470 ነው። አዲሱ ነገር አሮጌው ነገር ነበር፦ ባለ ሰባት ረድፍ ኪቦርድ። ኩባንያው ራሱ ከአምስት ዓመት በፊት ያስቀረውን ኪቦርድ ነው መልሶ የሸጠላቸው።

ለአንድ ረድፍ ቁልፍ ይሄ ሁሉ? ብትሉ አልፈርድባችሁም። ግን ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ዝነኛ ሞዴል፣ ቲንክፓድ 700ሲ፣ በኦክቶበር 1992 ወጣ። ሠሪው ያኔ አይቢኤም ነው። ስሙ የመጣው አይቢኤም ከሚያድላት ትንሽ የማስታወሻ ደብተር ነው፤ የቆዳ ሽፋኗ ላይ «አስብ» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ታትሞባታል። ቅርጹን ያወጣው ሚላን ይኖር የነበረው ጀርመናዊው ሪቻርድ ሳፐር ነው፤ ቲዚዮ የምትባለዋን የጠረጴዛ መብራት የሠራው ሰውዬ። ሳፐር በሐሳቡ የያዘው የጃፓኖችን የምሳ ሣጥን ነበር። ከውጭ ስታዩት ጥቁር አራት ማዕዘን ብቻ ነው፤ ምንም አይናገርም። ያለውን የምታዩት ስትከፍቱት ነው።

ስትከፍቱት ደግሞ መሃል ላይ አንድ ቀይ ነጥብ አለ። ትራክፖይንት ይሉታል፤ የቴድ ሴልከር ፈጠራ ነው። ሴልከር እጃችን ከኪቦርድ ወደ ማውስ ለመሄድ ሦስት አራተኛ ሴኮንድ ገደማ እንደሚፈጅበት፣ ለመመለስም እንደዚያው እንደሆነ አንብቦ ነገሩ ከነከነው። እጅ ጨርሶ ባይሄድስ? ጠቋሚው ጂ፣ ኤች እና ቢ መሃል ተተከለ። ስለ ቀለሙ የሚወራ ጥሩ ታሪክም አለ፦ በአይቢኤም ደንብ ቀይ ለአደጋ ጊዜ ማጥፊያ ብቻ የተፈቀደ ነበርና፣ ዲዛይነሮቹ «ይሄ ቀይ አይደለም፣ ማጀንታ ነው» ብለው አሳለፉት። ከዚያ ቀስ በቀስ አቀሉት።

እንግዲህ የታማኝነቱ ምንጭ እዚህ ጋ ነው። በእኔ እምነት ሰዎቹ የወደዱት ብራንዱን አልነበረም። ቤታችሁ መብራት ሲጠፋ በሩን ዳብሳችሁ የምታገኙት እግራችሁና እጃችሁ ስለሚያውቁት ነው፤ አታስቡበትም። አሥራ አምስት ዓመት በአንድ ዓይነት ኪቦርድ የጻፈ ሰውም እንደዚያው ነው። ዲሊት፣ ሆም፣ ኤንድ፣ ፔጅ አፕ፣ ፔጅ ዳውን፣ ሁሉም ቀኝ ጥግ ላይ አብረው ተቀምጠዋል። ከኤፍ1 እስከ ኤፍ12 ያሉት በአራት በአራት ተከፋፍለው በመሃላቸው ክፍተት አለ። ጣት ክፍተቱን ዳብሶ የት እንዳለ ያውቃል፤ ዓይን አያስፈልግም።

በ2005 የአይቢኤም ኮምፒውተር ክፍል ለቻይናው ሌኖቮ ሲሸጥ ብዙ ደንበኛ «በቃ አለቀለት» ብሎ ነበር። አላለቀም። እንዲያውም ለዓመታት የነካ አልነበረም። በ2009 ቲ400ኤስ ሲወጣ ዲሊትና ኢስኬፕ ቁልፎች ተለቅ ብለው መጡ። ያንን ያደረጉት የትኛው ቁልፍ ስንት ጊዜ እንደሚነካ በሶፍትዌር አስቆጥረው ነው። አንድ ቁልፍ ለማስረዘም እንዲህ የሚጨነቅ ኩባንያ!

ከዚያ 2012 መጣ። ቲ430 እና ኤክስ230 ባለ ስድስት ረድፍ ሆነው፣ ቁልፎቹም እንደ ደሴት ተለያይተው ወጡ። ቀኝ ጥግ ያለው ቡድን ፈረሰ። ፔጅ አፕና ፔጅ ዳውን ቀስቶቹ ጎን ተወሸቁ። ስክሪን ፎቶ የሚያነሳው ቁልፍ በቀኝ በኩል ኦልትና ኮንትሮል መሃል ገባ፤ ሳያስቡት የሚነካበት ቦታ ማለት ነው። ስክሪኖች ወደ ጎን እየሰፉና እያጠሩ ስለመጡ ቦታ ጠበበ የሚል ክርክር ሊነሳ ይችላል። ግን አያስኬድም። የ2011ዱ ኤክስ220 በ12.5 ኢንች ገላው ላይ ሰባቱንም ረድፍ ይዞ ነበር፣ ያውም በሰፊ ስክሪን። ከሁሉ የሚያስቀው፣ ሰዎች የኤክስ220ን ኪቦርድ ነቅለው አዲሱ ኤክስ230 ላይ ገጠሙት። ትንሽ ፕላስቲክ መሞረድ፣ ትንሽ ፈርምዌር መነካካት፣ አለቀ። ቦታው ነበረ።

ለውጡ በዚህ አልቆመም። በ2013 ቲ440 ላይ የቀዩ ነጥብ ሦስት ቁልፎች ጠፍተው ከመዳሰሻው ጋር አንድ ሆኑ። በ2014 ኤክስ1 ካርበን ላይ የኤፍ ረድፍ ተነስቶ መልኩን በሚቀያይር የንክኪ ቁራጭ ተተካ፤ የካፕስ ሎክን ቦታም ሆምና ኤንድ ወረሱት። ተጠቃሚው ጮኸ። በ2015 ሁለቱም ተመለሱ፤ ቁልፎቹም የኤፍ ረድፉም። (አፕል በ2016 ተመሳሳይ የንክኪ ረድፍ ማክቡክ ፕሮ ላይ ሲያመጣ ከዚህ የተማረ አይመስልም። እሱም በ2021 ከአዳዲሶቹ ባለ 14ና ባለ 16 ኢንች ሞዴሎች ላይ አወጣው።)

ታዲያ ቁልፎቹ በሁለት ዓመት ሲመለሱ ሰባተኛው ረድፍ ለምን አልተመለሰም? ግምቴ ይህ ነው፦ የቲ440ው መዳሰሻ አዲሱንም ገዢ አስቸግሯል። የሰባተኛው ረድፍ መጥፋት ያመመው ግን የድሮውን ገዢ ብቻ ነው። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው የጎደለው ነገር እንዳለ እንኳ አያውቅም። የታማኝ ደንበኛ ችግር ይሄ ነው፤ የሚናፍቀውን ነገር ሌላው አላየውም።

በ2015 የሌኖቮ የዲዛይን ኃላፊ ዴቪድ ሂል «የድሮውን ቲንክፓድ በዘመኑ አካል ብንሠራውስ?» ብሎ በይፋ ጠየቀ። መልሱ ጎረፈ፤ ስለ ኪቦርዱ፣ ስለ ስክሪኑ ቅርጽ፣ ስለ ትናንሾቹ የመብራት ምልክቶች ሳይቀር። ያ ሁሉ ነው ከሁለት ዓመት በኋላ ቲንክፓድ 25 የሆነው። አንዴ ተሠራ፣ ተሸጠ፣ አለቀ።

ኩባንያውን ያልጠበቁም ነበሩ። ቻይና ውስጥ 51ኤንቢ የሚባሉ አፍቃሪዎች ለኤክስ61 አሮጌ ቀፎ የሚሆን ዘመናዊ ማዘርቦርድ ራሳቸው ሠርተው ኤክስ62 አሉት። የሞተ ላፕቶፕ አዲስ አንጎል ተገጥሞለት ተነሳ።

እስካሁን ያወራነው ስለ ልማድ ነው። ቀጣዩ ግን ኪስ ይነካል። የ2018ቱ ቲ480 ከኋላው በጣት ተነቅሎ የሚቀየር ባትሪ ነበረው፤ ሁለቱንም ራሞች መቀየር ይቻል ነበር። በቀጣዩ ዓመት ቲ490 ሲመጣ የሚነቀለው ባትሪ ቀረ፣ አንደኛው ራም ቦርዱ ላይ ተበየደ። በሦስት ዓመት አዲስ ለሚገዛ መሥሪያ ቤት ይህ ምንም ላይሆን ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ «ስላይትሊ ዩዝድ» ለሚገዛ ተማሪ ግን ብዙ ነው። እሱ ጋ ሲደርስ ላፕቶፑ ዕድሜው ገፍቷል፣ ባትሪው ደክሟል፤ መብራት ደግሞ ይሄዳል።

በ2024 ነገሩ በሁለት አቅጣጫ ሄደ። ቲ14 ጄን 5 ከጥገና ባለሙያዎቹ አይፊክስኢት ጋር በመመካከር ተሠርቶ ሁለቱም ራሞች እንደገና የሚቀየሩ ሆኑ። በዚያው ትውልድ ደግሞ ለሠላሳ ዓመት ግራ ጥግ ላይ የነበረው የኤፍኤን ቁልፍ ቦታውን ለኮንትሮል ለቀቀ። ከሌላ ብራንድ ለሚመጣ ሰው እፎይታ ነው። ለአሮጌው ደንበኛ ግን ትንሿ ጣቱ በቀን መቶ ጊዜ የምትሳሳትበት ቦታ ሆነ።

በጃንዋሪ 2025 ኤክስ9 ተዋወቀ። ስስ ነው፣ ያምራል፣ ቲንክፓድ የሚል ስም ተጽፎበታል። ጂ፣ ኤች እና ቢ መሃል ግን ምንም የለም።