አዲሱን ሲተክሉ አሮጌውን ማቆየት፤ የፊደላችን ጉዞ በኮምፒዩተር

በተለምዶ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚባለውን የኮምፒዩተር ሥርዓተ ክወና በአዲስ መተካት በሌላው ዓለም በአብዛኛው የፍጥነትና የወጪ ጉዳይ ሆኖ ኖሯል። በእኛ አገር ግን ከዚህ የጠለቀ ነገር ነበረበት፤ አሮጌውን ያጠፋ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤቱን ደብዳቤዎች አብሮ ሊያጣ ይችል ነበርና። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን በአንድ ስም እንመልከት። ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ፣ በራያ ሜዳ ላይ የምትገኘው ቆቦ ስሟ ሁለት ፊደል ብቻ ነው። በ1990ዎቹ ይህ ስም በአንድ ደብዳቤ ራስጌ ላይ ሲጻፍ ግን ኮምፒዩተሩ «ቆ» እና «ቦ» መሆናቸውን አያውቅም ነበር። የዚያን ጊዜው ፎንት 256 ቦታ ብቻ ነበረው፤ ፊደላችን ከነዲቃላዎቹና ከነአኃዞቹ ከዚህ ይበልጣል። ስለዚህ አንዱ ሠሪ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈለው፤ ሌላው የፊደሉን አካልና ቅጥያውን ለየብቻ አስቀምጦ በጽሕፈት ጊዜ አገጣጠማቸው። ሁሉም በየፊናው በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ስለ ሠፈረ፣ የአንዱን ጽሑፍ በሌላው ፎንት ሲከፍቱት የሚታየው ትርጉም የለሽ ዝብርቅ ነው።

ይህን በማለት የቀደሙትን መውቀሳችን አይደለም። በ1980ዎቹ ፍስሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ በአሜሪካ ሆነው ፊደሉን ወደ ኮምፒዩተር ለማስገባት ሲደክሙ፣ የጋራ የሆነ ስምምነት ገና አልነበረም። በኋላም አጋፋሪ፣ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ያገለገሉት በዚያው ጠባብ ስፍራ ነው።

ስምምነቱ የመጣው በ1999 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው 3ኛው የዩኒኮድ እትም ለግዕዝ ፊደል 345 ቦታ ሰጠ፤ «ቆ» ቁጥር 4678፣ «ቦ» ቁጥር 4710 ሆኑ። በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ከራሱ ጋር ይዞ መጣ። ይሁን እንጂ ከዚያ በፊት የተጻፈው ሁሉ በአሮጌው ቁጥር እንደ ተጻፈ ቀረ፤ የድሮዎቹ የመተየቢያ ፕሮግራሞችም ሁሉም በአዲሱ ሥርዓት አይሠሩም ነበር። በተለይ ለ16 ቢት የተሠሩት በ64 ቢቱ ዊንዶውስ ላይ ጨርሶ አይነሡም።

እንግዲህ ሁለቱን በአንድ ማሽን ማኖር መፍትሔ ሆነ። ጥበቡ አዲስ አልነበረም። በዊንዶውስ 95 እንኳ የቀድሞው ዶስ ሳይጠፋ ከተተከለ፣ ማሽኑ ሲነሣ ኤፍ 4 የተባለውን ቁልፍ መጫን ወደ ዶሱ ይመልስ ነበር። ኤክስፒና ቪስታ ጎን ለጎን ሲተከሉ ደግሞ ዲስኩ ለሁለት ይከፈላል፤ አሮጌው በፊት፣ አዲሱ በኋላ ይገባል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ የአሮጌው ማስነሻ አዲሱን ስለማያውቀው ሊያስነሣው አይችልም። በደንቡ ከተተከለ ግን በመነሻው ላይ «የቀድሞ የዊንዶውስ እትም» የሚል ምርጫ ይቀርባል።

ይህን ሁኔታ እንደ ኋላ ቀርነት የቆጠሩት ነበሩ። ፍርዱ የተቻኮለ ይመስለናል። የቆቦ ገበሬ ከጥልቅ ጉድጓድ በሞተር የሚሳብ ውኃ ሲያገኝ ከምዕራቡ ደጋ የሚወርደውን ጎርፍ የሚጠልፍበትን ቦይ አልደፈነም፤ ጎርፉ የሚያመጣውን ለም ደለል ሞተሩ አይሰጠውምና።

አሮጌውን ማቆየት ግን ዕዳም አለው። ለኤክስፒ የሚሰጠው የጥበቃ ድጋፍ ሚያዝያ 8 ቀን 2014 ስላበቃ እንዲህ ያለው ማሽን ከመረብ ተለይቶ መቀመጥ ይገባዋል። ወደ ዩኒኮድ የሚለውጡ ፕሮግራሞች አሉ፤ ነገር ግን ጽሑፉ በየትኛው ሠሪ ፎንት እንደ ተጻፈ ማወቅን ይጠይቃሉ። ፎንቱ ሳይመዘገብ ፊደሉ ብቻ በተቀዳበት ፋይል ውስጥ አማርኛውን ከእንግሊዝኛው መለየት እንኳ አስቸጋሪ ነው። በዚህ ጊዜ የሚረዳው በፋይል የታሰረው የወረቀቱ ቅጂ ነው፤ የዚያ ዘመን ዲስኮች የሚሰኩበት ሰፊ ገመድ በአዲሶቹ ማሽኖች ላይ መሰኪያ የለውምና።