ከስድስት ሚሊሜትር ብየዳ እስከ አንዲት የፈቃድ ወረቀት፤ የሰሜን ባሕር የነዳጅ መድረኮች ታሪክ

በእንግሊዝና በኖርዌይ መካከል የተዘረጋው ሰሜን ባሕር ለብዙ ዘመን የሚታወቀው በዓሣ ሀብቱና በማዕበሉ ነበር። ከ1960ዎቹ ዓመታት ወዲህ ግን (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከወለሉ በታች ጋዝና ነዳጅ ዘይት መኖሩ ስለ ተረጋገጠ፣ በውሃው ላይ የብረት መንደሮች ተተከሉ። የጂኦግራፊ መጻሕፍት ከዚያ ስለሚወጣው በርሜል ብዛት ይነግሩናል። እኛ ግን እዚህ ላይ የምንመለከተው እነዚህ መድረኮች እንዴት እንደ ቆሙ፣ እንዴት እንደ ወደቁና ውድቀታቸው ምን ዓይነት ሕግ እንዳስወጣ ነው።

በባሕር ላይ መሥራት ከየብስ ሥራ የሚለየው ለምንድን ነው? መድረኩ በረጃጅም እግሮች ወለሉን ረግጦ ይቆማል፤ አለዚያም ውስጣቸው ባዶ በሆኑ ዓምዶች ተንሳፍፎ በመልሕቅ ይታሰራል። በሁለቱም መንገድ ማዕበሉ ዕረፍት አይሰጠውም። ሞገድ በየአሥር ሴኮንዱ ይመታል ብለን ብናስብ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከሦስት ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይመታል ማለት ነው። ተማሪዎቻችን ቀጭን ሽቦ ወዲያና ወዲህ እያጠፉ መስበር ያውቁበታል። አንድ ጊዜ ቢያጥፉት የማይሰበረው ሽቦ ሲደጋገምበት ይበጠሳል። መሐንዲሶች ይህን የብረት ድካም ይሉታል።

የመጀመሪያው ትምህርት በጣም ፈጥኖ መጣ። ሲ ጄም የተባለው መድረክ በሴፕቴምበር 1965 በእንግሊዝ የባሕር ክልል የመጀመሪያውን ጋዝ አገኘ፤ ብዙ ደስታም ሆነ። በዚያው ዓመት በዲሴምበር 27 ቀን ወደ ሌላ ሥፍራ ለማዛወር ሲዘጋጁ እግሮቹ ከድተውት ሰመጠ፤ ከነበሩበት 32 ሰዎች 13ቱ ሞቱ። ከዚህም የተነሣ በ1971 በወጣው ሕግ እያንዳንዱ መድረክ ተጠያቂ የሆነ አንድ ኃላፊ እንዲኖረው ተደነገገ። ከአደጋው እስከ ሕጉ ስድስት ዓመት ያህል ማለፉን ልብ ይሏል።

በማርች 27 ቀን 1980 ማታ በኖርዌይ የባሕር ክልል፣ በኤኮፊስክ አካባቢ፣ አሌክሳንደር ኬላንድ የተባለው ተንሳፋፊ መድረክ ቆሞ ነበር። (ስሙ የአንድ የኖርዌይ ልብ ወለድ ደራሲ ስም ነው፤ ሄንሪክ ኢብሰን የሚባል እኅት መድረክም ነበረው። ይህ ልማድ የቋንቋ መምህራንን ደስ ሳያሰኝ አይቀርም።) መድረኩ በፈረንሳይ አገር በዱንከርክ ተሠርቶ ሥራ የጀመረው በ1976 ነው። ሲሠራ ለቁፋሮ ታስቦ የነበረ ቢሆንም፣ ያገለግል የነበረው ለሠራተኞች መኝታና መመገቢያ ሆኖ ነው። አምስት ግዙፍ ዓምዶች ነበሩት፤ ዓምዶቹም በወፋፍራም የብረት ቧንቧዎች እርስ በርሳቸው ተያይዘዋል።

በዚያች ማታ 212 ሰዎች ነበሩበት። ብዙዎቹ በምግብ አዳራሹና በሲኒማ ቤቱ ውስጥ ነበሩ። በእኛ የሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ከአያያዥ ቧንቧዎቹ አንዱ ተበጠሰ። የእርሱ ሸክም ወደ ቀሩት ዞረ፤ እነርሱም ከዐቅማቸው በላይ ሆነባቸውና ተራ በተራ ተበጠሱ። ከአምስቱ ዓምዶች አንዱ ተገንጥሎ ሄደ፤ መድረኩም ከ30 ዲግሪ በላይ አዘነበለ። አንድ የመልሕቅ ገመድ ለጥቂት ጊዜ ይዞት ቆየ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ያም ተበጠሰና መድረኩ ተገለበጠ። 123 ሰዎች ሞቱ።

መርማሪዎች የተበጠሰውን ቧንቧ ባገኙት ጊዜ የመጀመሪያው ስንጥቅ ከየት እንደ ተነሣ አዩ። በቧንቧው ላይ የውሃ ውስጥ ድምፅ የሚያዳምጥ መሣሪያ የሚያዝበት አነስተኛ ብረት ተበይዶ ነበር። ብየዳው 6 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ያ ብረት የመድረኩን ክብደት የሚሸከም ክፍል ስላልሆነ ማንም ትኩረት አልሰጠውም። ከሁሉም የሚገርመው ግን በስንጥቁ ውስጥ ቀለም መገኘቱ ነው። ቀለም የሚቀባው በፋብሪካ ነው፤ ስለዚህ ስንጥቁ መድረኩ ገና ወደ ባሕር ሳይወርድ ነበረ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሞገዱ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያሰፋው ሄደ። ለታሪክ ተማሪ ይህ ቀለም ከማንኛውም የጽሑፍ ማስረጃ የሚበልጥ ማስረጃ ነው፤ ማን መቼ ምን ሳያይ እንዳለፈ ይመሰክራል።

ጀልባዎቹስ? ሰባት የሕይወት አድን ጀልባዎች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው 50 ሰው ይይዛሉ። በወረቀት ላይ ሲታይ ለ212 ሰዎች 350 ቦታ ነበር። ለማውረድ የተቻለው አራቱን ብቻ ሲሆን፣ ከአራቱም በደንብ ከማውረጃ ገመዱ የተላቀቀው አንዱ ብቻ ነው። የማላቀቂያው መንጠቆ የጀልባው ክብደት ገመዱን ወጥሮ ሲይዘው እንዳይከፈት ሆኖ የተሠራ ነበር። በጸጥተኛ ወደብ ለሚደረግ ልምምድ መልካም ጥንቃቄ ነው፤ በማዕበል መካከል ግን ሰዎቹን ከሚሰምጠው ብረት ጋር አሰራቸው። ከዚያ ወዲህ የኖርዌይ ደንብ ተንሳፋፊ መድረክ አንድ ክፍሉን ቢያጣ እንኳ እንዳይገለበጥ ሆኖ እንዲሠራ አስገድዷል።

ከስምንት ዓመት በኋላ ደግሞ የእንግሊዝ ተራ ሆነ። ፓይፐር አልፋ ከስኮትላንድ ከተማ ከአበርዲን በሰሜን ምሥራቅ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የቆመ፣ በ1976 ነዳጅ ማውጣት የጀመረ መድረክ ነበር። ጋዝ የሚያጣራው ክፍል የተጨመረለት በኋላ ነው፤ የተተከለውም ከመቆጣጠሪያው ክፍል አጠገብ ነው። ግድግዳዎቹ እሳትን እንዲከላከሉ እንጂ ፍንዳታን እንዲቋቋሙ አልተሠሩም፤ መጀመሪያ ላይ የሚያሰጋው የነዳጅ ዘይት እሳት ነበርና።

በጁላይ 6 ቀን 1988 ቀን ላይ ከሁለቱ ፓምፖች አንዱ ለጥገና ቆሞ ነበር። የዚሁ ፓምፕ የግፊት መከላከያ ቫልቭ ለምርመራ ተነቀለ፤ ክፍት የቀረው ቧንቧም በጠፍጣፋ ብረት ተከደነ። ሥራው ሳያልቅ መሸ። በምሽት ሁለተኛው ፓምፕ ቆመና አልነሣ አለ። ካልተነሣ የመድረኩ ኤሌክትሪክ ሁሉ ሊጠፋ ነው። የሌሊት ተረኞች የሥራ ፈቃድ ወረቀቶችን አገላበጡ። የፓምፑን ጥገና የሚመለከተውን ወረቀት አገኙ፤ ጥገናው ገና እንዳልተጀመረም አዩ። ቫልቩ መነቀሉን የሚናገረው ወረቀት ግን ለብቻው ስለነበረ አላዩትም። ፓምፑን አስነሡት። ከሌሊቱ 4 ሰዓት ገደማ ጋዝ ከክዳኑ አምልጦ ወጣና ፈነዳ።

ብዙ ሰዎች ይህን ታሪክ ሲተርኩ ጥፋቱን ሁሉ በዚያች አንዲት ወረቀት ላይ ይጥላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ወረቀቷ የመጀመሪያውን ፍንዳታ ታስረዳ ይሆናል፤ የሞቱትን ሰዎች ቁጥር ግን አታስረዳም። እሳት የሚያጠፉት ፓምፖች ጠላቂ ሠራተኞችን እንዳይስቡ ተብሎ በእጅ ብቻ እንዲነሡ ተደርገው ነበር፤ እሳቱ ሲነሣም የሚደርስባቸው ሰው አልተገኘም። ታርታንና ክሌይሞር የተባሉት ጎረቤት መድረኮች በቧንቧ የተያያዙ ሲሆኑ፣ እሳቱን ከሩቅ እያዩ ነዳጅና ጋዝ መላካቸውን ወዲያው አላቆሙም፤ ያለ አለቃ ትእዛዝ ማቆም ከባድ ነገር ነበርና። ከመጀመሪያው ፍንዳታ ሃያ ደቂቃ ያህል እንዳለፈ ከታርታን የሚመጣው የጋዝ ቧንቧ ፈነዳ፤ ከዚያ ወዲያ የሚያቆመው አልነበረም። ሠራተኞቹም እንደ ተማሩት በመኝታው ሕንፃ ተሰብስበው ሄሊኮፕተርና ትእዛዝ ጠበቁ። ሁለቱም አልመጡም፤ ጢሱ ግን መጣ። ከተረፉት ብዙዎቹ ትእዛዝ ሳይጠብቁ ወደ ታች የወረዱና ወደ ባሕር የዘለሉ ናቸው። ከ226 ሰዎች 165ቱ፣ ሊያድኗቸው በጀልባ ከመጡትም ሁለቱ ሞቱ፤ በጠቅላላው 167።

የስኮትላንዱ ዳኛ ሎርድ ከለን መርምረው በ1990 ባወጡት ዘገባ 106 የማሻሻያ ሐሳቦች አቀረቡ፤ ሁሉም ተቀባይነት አገኙ። ከሁሉም የሚበልጡት ሁለቱ ይመስሉናል። አንደኛው፣ እስከዚያ ድረስ ነዳጁ ቶሎ እንዲወጣ የሚጥረውም ደኅንነቱን የሚቆጣጠረውም ያው የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ስለነበረ፣ ቁጥጥሩ ለሌላ መሥሪያ ቤት መሰጠቱ ነው። ሁለተኛው፣ ኩባንያው የደንብ ዝርዝር አሟልቻለሁ ብሎ መቀመጡ ቀርቶ፣ በመድረኩ ላይ ምን አደጋ ሊደርስ እንደሚችልና ምን እንዳዘጋጀ በጽሑፍ እንዲያስረዳ መገደዱ ነው።

ስለ ባሕሩ ራሱም ጥቂት እንጨምር። በአፕሪል 1977 በኤኮፊስክ ብራቮ መድረክ ላይ በጉድጓዱ ውስጥ የተገጠመው መከላከያ በሚገባ ስላልተያዘ ነዳጁ ወደ ሰማይ እየተፈናጠረ ስምንት ቀን ያህል ፈሰሰ። ሠራተኞቹ ሁሉ በደኅና ወጡ፤ እሳትም አልተነሣም። ብዙው ነዳጅ ተነነ፣ ሞገዱም ቀሪውን ስለ በታተነው የባሕሩ ዳርቻ ሳይበከል ቀረ። ይህ የነፋስና የማዕበል ውለታ እንጂ የሰው ዝግጅት ውጤት አልነበረም። በ2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዲፕዋተር ሆራይዘን በተባለው መድረክ ላይ ፍንዳታ ደርሶ 11 ሰዎች ሲሞቱ፣ ጉድጓዱ 87 ቀን ሙሉ ሳይዘጋ ነዳጁ ዳርቻውን መታው።

እንዲህ ያለውን ጥፋት ጋዜጣ ሁሉ ይጽፈዋል። የዕለት ተዕለቱ ግን አይታይም። ከነዳጁ ጋር የሚወጣው ውሃ ተጣርቶ ወደ ባሕር ሲመለስ ጥቂት ዘይት ይዞ ይሄዳል። ከጉድጓዱ የሚቆፈረው ፍርፋሪ ድንጋይም በነዳጅ ከተሠራ የቁፋሮ ጭቃ ጋር ተቀላቅሎ ለብዙ ዓመታት እመድረኮቹ ሥር ተደፍቷል። ባረጁ መድረኮች ላይ ምን እንደሚደረግ ክርክሩ የጋለው በ1995 ነው። ሼል ኩባንያ ብሬንት ስፓር የተባለውን የነዳጅ ማከማቻ በአትላንቲክ ጥልቅ ውሃ ሊያሰምጥ ሲል ግሪንፒስ ተቃወመ፤ ኩባንያውም ሐሳቡን ተወ። ግሪንፒስ በማከማቻው ውስጥ አለ ብሎ የገመተው የነዳጅ መጠን የተጋነነ መሆኑን በኋላ አምኖ ይቅርታ ጠይቋል። በ1998 የአካባቢው አገሮች መድረኮችን በባሕር መጣልን ከለከሉ፤ ለአንዳንድ ግዙፍ መድረኮች ግን በልዩ ፈቃድ የሚታለፍበት በር ተዉ። ብሬንት ስፓር ተቆራርጦ በኖርዌይ በስታቫንገር ከተማ አጠገብ የወደብ መሠረት ሆኗል። የፍርፋሪው ክምር ግን ዛሬም በብዙ አሮጌ መድረኮች ሥር በባሕሩ ወለል ላይ ነው።